ካንጋተን በአሜሪካ ሕግ ላይ፦ የዋሽንግተን ውሳኔ ከየት ይመጣል?

ጥር 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ባራክ ኦባማ የፈረሙበት የአሜሪካ ዓመታዊ የበጀት ሕግ ከ1,500 ገጽ በላይ ነው። ከ1 ትሪሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ የሚያከፋፍል ሰነድ ስለሆነ አብዛኛው ስለ ጦር ኃይል፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ መንገድ ነው። ወደ ውጭ እርዳታው ክፍል ሲደረስ ግን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉ። በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ሁለት አካባቢዎች በስም ተጠርተዋል፤ ጋምቤላና የታችኛው ኦሞ። በእነዚህ አካባቢዎች የሚውል የአሜሪካ የልማት ገንዘብ ሰዎችን በግዳጅ ከማፈናቀል ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለተያያዘ ሥራ እንዳይውል ሕጉ ይከለክላል። ገንዘቡ የአካባቢው ነዋሪ ኑሮውን ለማሻሻል የሚያቀርበውን ሐሳብ እንዲደግፍ፣ ነዋሪውም አስቀድሞ እንዲመከርበት ያዛል።

ካንጋተን የምትገኘው በዚሁ በታችኛው ኦሞ ነው። በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት። የኛንጋቶም ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 25 ሺህ ገደማ ነበር። ከብት ያረባል፤ የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። ከኬንያው ቱርካናና ከደቡብ ሱዳኑ ቶፖሳ ጋር ይዋሰናል። በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ የለውም፤ ለማንም እጩ ገንዘብ አላዋጣም።

ታዲያ ጉዳዩ እንዴት እዚያ ሕግ ውስጥ ገባ? ብዙዎቻችን ስለ አሜሪካ ስናወራ የምናወራው ስለ ፕሬዝዳንቱ ነው፤ «ኦባማ እንዲህ አለ»፣ «ትራምፕ እንዲህ አደረገ»። የኦሞ መስመሮች ታሪክ ግን ከነጩ ቤተ መንግሥት አይጀምርም። የሚጀምረው ከካሊፎርኒያና ከለንደን ትንንሽ ቢሮዎች ነው፤ ያለፈውም በአንድ የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በኩል ነው። ይህን መንገድ መከተል የአሜሪካ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ይጠቅማል። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ የወጣው ሙስሊም ማኅበረሰብ ጩኸቱ ዋሽንግተን ደርሶ ለምን የተጠበቀውን ያህል ውጤት እንዳላመጣ የሚገባንም በዚሁ መንገድ ነው።

(ከዚህ በታች በ«ዓ.ም.» ያልተለዩት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥልጣኑ በስንት እጅ ነው?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ሆን ብሎ በትኖታል። ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት አሉት፤ ሁሉም በየ2 ዓመቱ ይመረጣሉ። ሴኔቱ 100 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ ለ6 ዓመት ይመረጣል፣ በየ2 ዓመቱ አንድ ሦስተኛው ይወዳደራል። አንድ ረቂቅ ሕግ እንዲሆን በሁለቱም ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ሆኖ ማለፍና በፕሬዝዳንቱ መፈረም አለበት። ፕሬዝዳንቱ እምቢ ካሉ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ፍርድ ቤት አለ፤ ሕጉን ወይም የፕሬዝዳንቱን ትዕዛዝ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ሴኔቱን ለመረዳት የኛኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ማሰብ ይረዳል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ በፌዴሬሽን ምክር ቤት አለው፤ ስለዚህ እንደ ኛንጋቶም ያለ ቁጥሩ ትንሽ ሕዝብም እዚያ ወንበር ይኖረዋል። በአሜሪካ ሴኔትም 39 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያና 600 ሺህ የማይሞላት ዋዮሚንግ እኩል ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው። ልዩነቱ የአሜሪካው ሴኔት ሕግ ያወጣል፣ ገንዘብ ይመድባል፣ የፕሬዝዳንቱን ሚኒስትሮችና ዳኞች ያጸድቃል። የኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዋና ሥራ ሕገ መንግሥቱን መተርጎምና የድጎማ ቀመር ማውጣት ነው።

ሥልጣን በብዙ እጅ መሆኑ ሁለት ውጤት አለው። አንድን ነገር ማስቆም ከማሳለፍ እጅግ ይቀላል፤ ከብዙ በሮች አንዱን መዝጋት ይበቃልና። ሁለተኛው፣ ጥቂት ሰዎች ትክክለኛውን በር ካወቁ ቁጥራቸው ከሚፈቅደው በላይ ሊሰሙ ይችላሉ። የኦሞ መስመሮች የገቡት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ከጂንካ ንግግር እስከ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ

ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኦሞ ሸለቆ ሰፊ የመስኖ ልማት እንደሚጀመር ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ። ይህ በኋላ የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ተብሎ የታወቀው ነው። ከላይ በኩል ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ እየተሠራ ነበር። ግድቡ የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ይለውጣል፤ የስኳር እርሻው የግጦሽ መሬት ይወስዳል። መንግሥት ይህን ልማት፣ መብራትና ትምህርት ቤት አርብቶ አደሩን ከችግር የሚያወጣ አድርጎ ያቀርበው ነበር፤ የሚደረገው ሰፈራም በፈቃደኝነት ነው ይል ነበር።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2004 ዓ.ም. ስለ ታችኛው ኦሞ ሪፖርት አወጣ። በካሊፎርኒያ ያለው ኦክላንድ ኢንስቲትዩት ተከታታይ ጥናቶች አሳተመ። ኢንተርናሽናል ሪቨርስ ግድቡን፣ የለንደኑ ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል ደግሞ የሕዝቦቹን መሬት ጉዳይ ይዘው ዘመቱ። እነዚህ ድርጅቶች ቢበዛ ጥቂት መቶ ሠራተኛ ያላቸው ናቸው። ጥንካሬያቸው ሰው በማሰለፍ አልነበረም፤ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ወደዚያ አካባቢ እንደሚሄድ አውቀው ያንን ገንዘብ የሚመድበውን ሰው በማግኘታቸው ነበር።

በአሜሪካ ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን የኮንግረስ ነው። እያንዳንዱ ምክር ቤት የበጀት ድልደላ ኮሚቴ አለው፤ ኮሚቴው ደግሞ በዘርፍ የተከፋፈሉ ንዑስ ኮሚቴዎች አሉት። በወቅቱ የውጭ እርዳታን የሚመለከተውን የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ የሚመሩት የቨርሞንት ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ነበሩ። ቨርሞንት ከ650 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ግዛት ናት። ሌሂ ከ1975 ጀምሮ በሴኔት የቆዩ፣ ሰብዓዊ መብት ለሚጥሱ የጦር ክፍሎች የአሜሪካ እርዳታ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ሕግ በስማቸው የሚጠራ ሰው ናቸው። ግዙፍ የውኃ ግድቦችንም አይወዱም ነበር። እንግዲህ በር ማወቅ ማለት ይህ ነው። አሥር ሺህ ሰው ነጩ ቤተ መንግሥት ፊት ቢሰለፍ የማይገኘው ነገር፣ የንዑስ ኮሚቴው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ በደረሰ አንድ በደንብ የተዘጋጀ ሰነድ ሊገኝ ይችላል።

ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት 359 ለ67፣ በሴኔት 72 ለ26 አለፈ። ድምፅ ከሰጡት አባላት ስንቶቹ ስለ ኦሞ የሚለውን መስመር እንዳነበቡ መገመት አያስቸግርም። የበጀት ሕግ ባይጸድቅ መንግሥት ይዘጋል፤ ስለዚህ በውስጡ የገባ ትንሽ አንቀጽ ከትልቁ ጋር ተሳፍሮ ያልፋል። ለብቻው ቢቀርብ ምናልባት ከኮሚቴ እንኳ አይወጣም ነበር።

ያው ሕግ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስትር በዓለም ባንክና በመሰል ተቋማት ያሉ የአሜሪካ ተወካዮች በኢትዮጵያ በግዳጅ ማፈናቀል ላለበት ሥራ የሚሰጥ ገንዘብን እንዲቃወሙ እንዲያዝ ይጠይቃል።

ውጤቱስ? እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። ግልገል ጊቤ 3 ታህሳስ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የስኳር ልማቱም በዚህ ምክንያት አልቆመም። የግድቡ ዋና ገንዘብ ከኢትዮጵያ መንግሥት፣ የማሽነሪው ደግሞ ከቻይና ባንክ ብድር የመጣ ስለነበር የአሜሪካ ኮንግረስ እጅ እዚያ አይደርስም። በዓለም ባንክ ውስጥም አሜሪካ ያላት ድምፅ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ከባለ ድርሻዎች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም አንድን ብድር ለብቻው አያስቆምም። ባንኩ ሐምሌ 2012 ላይ ወደ ኬንያ ለሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር 684 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። በዚያ ላይ የበጀት ሕግ የአንድ ዓመት ሕግ ነው፤ አንቀጹ እንዲቀጥል በየዓመቱ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ስለ ኛንጋቶም ዋሽንግተን ላይ የተናገሩት ኛንጋቶሞች አይደሉም። ይህ ሕዝብ የራሱ የምክክር ሥርዓት አለው። ወንዶች በትውልድ ተከፋፍለው «ዝሆኖች»፣ «ሰጎኖች» በሚሉ ስሞች ይጠራሉ፤ የአገሩን ጉዳይ የሚወስኑትም አባቶች የሚባሉት ትውልድ ናቸው። ያ ሸንጎ ስለ ግድቡ ምን አለ የሚለው ጥያቄ በሕጉ ሂደት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ተከራካሪዎቹ በቅንነት ቢሠሩም ምን እንደሚባል የወሰኑት እነሱ ናቸው። ሕጉ ነዋሪው ይመከር ማለቱ መልካም ነው፤ መመከሩን የሚያረጋግጠው ግን ያው ገንዘቡን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነበር።

ምርጫና ፓርቲ፦ ጥቂት ድምፅ መቼ ይከብዳል?

የአሜሪካን ፕሬዝዳንት ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። 538 መራጮች ያሉት ጉባኤ አለ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ የግዛቱን መራጮች ሁሉ ይወስዳል። ስለዚህ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 በመላ አገሪቱ 2.9 ሚሊዮን ያህል ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል። ውጤቱ የታወቀ ግዛት ውስጥ ያለ መራጭ ብዙም አይለመንም፤ ውጤቱ በሚዋልል ግዛት ያለው ግን ይለመናል።

ሙስሊሞች ይህን በ2000 አይተውታል። በዚያ ዘመን ትልቁ ቅሬታቸው ስደተኛ ሙስሊሞችን ተከሳሹ በማያየው ምስጢራዊ ማስረጃ ማሰር ነበር። የሪፐብሊካኑ እጩ ጆርጅ ቡሽ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ይህን አሠራር ነቀፉ፤ ዋና ዋና የሙስሊም ድርጅቶችም በጋራ ደገፏቸው። ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ አሸንፈው ፕሬዝዳንት ሆኑ። ከአንድ ዓመት ሳይሞላ የመስከረም 11 ጥቃት ደረሰ፤ ጥቅምት 2001 ላይ የወጣው የፓትሪዮት ሕግ ደግሞ ሙስሊሙ ይሸሽ ከነበረው የባሰ ክትትል አመጣ። ድምፅ ቃል ኪዳን ሊያስገኝ ይችላል፤ ሁኔታው ሲገለበጥ ቃል ኪዳኑን የሚያስጠብቅ አቅም ግን ያኔ አልነበራቸውም።

በ2024 ሚሺጋን ላይ የሆነውም ይመሳሰላል። በየካቲቱ የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች በጋዛ ጦርነት ምክንያት «ለማንም አልወሰንኩም» የሚለውን ሳጥን መረጡ። በኅዳር ዶናልድ ትራምፕ ግዛቱን በ80 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ፤ ብዙ ሙስሊም በሚኖርባት በዲርቦርን ከተማም ከካማላ ሃሪስ ቀደሙ። የተቆጣ መራጭ አንድን ፓርቲ መቅጣት እንደሚችል ታይቷል። ሌላው ፓርቲ በምላሹ ይክሳል ማለት ግን አይደለም፤ ሁለት ፓርቲ ብቻ ባለበት አገር ይህ የዘወትር ራስ ምታት ነው።

ስለ ፓርቲዎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዴሞክራትና ሪፐብሊካን እንደኛ አገር ፓርቲዎች ማዕከላዊ ኮሚቴ ተሰብስቦ እጩ የሚመድብባቸው አይደሉም። እጩውን የሚመርጡት በቅድመ ምርጫ መራጮቹ ራሳቸው ናቸው። አብዛኞቹ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ከሁለት ለአንዱ ፓርቲ ያዘነበሉ ስለሆኑ እውነተኛው ውድድር ብዙ ጊዜ በቅድመ ምርጫው ያልቃል፤ በዚያ የሚሳተፈው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በአንድ አካባቢ ተሰባስቦ የሚኖር ማኅበረሰብ ሊያሸንፍ የሚችለው በዚህ ነው። የሚኒሶታ 5ኛ ምርጫ ክልል በ2006 ኪት ኤሊሰንን የመጀመሪያው ሙስሊም የኮንግረስ አባል አድርጎ መረጠ፤ በቶማስ ጀፈርሰን ቁርኣን ላይ ቃለ መሐላ የፈጸሙት እሳቸው ናቸው። በ2018 ያንኑ ወንበር ሶማሊያ ተወልደው በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያደጉት ኢልሃን ዑመር ያዙት። በዚያው ዓመት ከሚሺጋን ራሺዳ ጠሊብ ገቡ።

የጥቅም ቡድኖች፦ ሎቢ ምንድን ነው?

እኛ ጋ «ሎቢ» ሲባል ጉቦ የሚመስላቸው አሉ። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ የእምነትና የንግግር ነፃነትን ያስከበረው ያው አንቀጽ፣ ሕዝብ አቤቱታውን ለመንግሥት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሎቢ የቆመው በዚህ መብት ላይ ነው። የነጋዴዎች ምክር ቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር፣ የሐኪሞች ማኅበር፣ በ1994 የተቋቋመው የአሜሪካ እስላማዊ ግንኙነት ምክር ቤት፣ ሁሉም በዚህ መብት ይሠራሉ። ለዚህ የሚከፈለው ሰው መመዝገብና ለማን እንደሚሠራ ማሳወቅ አለበት። ለባለሥልጣን ገንዘብ ሰጥቶ ውሳኔ መግዛት ወንጀል ነው፤ ለምርጫ ዘመቻ ማዋጣት ግን ሕጋዊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አጥር እጅግ ቀጭን ነው ብለው የሚያማርሩ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2010 ውሳኔ ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ገደብ እንዲያወጡ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ አማራሪው በዝቷል። እውነታቸውን ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሜዳ ከገቡበት ቆይተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ግርግር በኋላ በአሜሪካ ያለው ማኅበረሰብ ያለ መታከት ወትውቶ የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት፣ በተለምዶ «ኤች አር 2003» የሚባለው ረቂቅ ጥቅምት 2 ቀን 2007 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ትልቅ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃን መሪ ዲክ አርሚ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በሴኔት በኩል የኦክላሆማው ጄምስ ኢንሆፍ በይፋ ተቃወሙ። ረቂቁ ሴኔት ውስጥ ድምፅ ሳይሰጥበት ሞተ። ከላይ ያልነው እዚህ ይታያል፦ ለማሳለፍ ሁሉም በር መከፈት ነበረበት፣ ለማስቆም አንዱ መዘጋቱ በቃ።

በ2018 «ኤች ረስ 128» ሚያዝያ 10 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ የነበረው ደስታ ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። ይህ ግን ሕግ ሳይሆን የአንድ ምክር ቤት የአቋም መግለጫ ነበር፤ ለማንም አስገዳጅ አይደለም። ረቂቁን ከገፉት አንዱ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ሲሆኑ፣ የምርጫ ክልላቸው ኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሰሜን ጦርነት ላይ በነበረበት በ2021 ደግሞ ፕሬዝዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ለማስወጣት ወሰኑ፤ የተቆጡ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በቨርጂኒያ የአገረ ገዥነት ምርጫ ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ደገፉ። ያንግኪን በ2 በመቶ ገደማ ብልጫ አሸነፉ፤ ያሸነፍነው እኛ ነን የሚለው ወሬም ለወራት ተናፈሰ። የቁጥር ማስረጃ የለውም። በዚያ ላይ አገረ ገዥ ስለ አጎዋ የሚወስነው አንዳች ነገር የለም። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዕድሉ ወጣች።

የሙስሊሙ አቤቱታ የት ደረሰ?

በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ጥያቄ ሲታፈንና የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ሲታሰሩ፣ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ያሉ ወንድምና እህቶች ሰልፍ ወጡ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። ጥረታቸው ከንቱ አልቀረም። በ1998 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን ኅዳር 8 ቀን 2012 በኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእምነት ነፃነት ላይ የደረሰው መበላሸት እንደሚያሳስበው በይፋ መግለጫ አወጣ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም ዓመታዊ የሃይማኖት ነፃነት ሪፖርት አለው።

ነገር ግን ኮሚሽኑ አማካሪ ነው። ይመረምራል፣ ይመክራል፤ ገንዘብ አይዝም፣ ማዕቀብ አይጥልም። የሚወስነው አስፈጻሚው አካል ነበር፤ ለአስፈጻሚው ደግሞ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ጉዳይ የጸጥታ አጋር ነበረች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ኦባማ አዲስ አበባን ጎበኙ። ከሄዱ ከሳምንት በኋላ ፍርድ ቤት በኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ፈረደ። በኋላ የተፈቱት፣ አልሐምዱሊላህ፣ በአገር ውስጥ በመጣው ግፊትና ለውጥ እንጂ በዋሽንግተን ትዕዛዝ አልነበረም።

ከኦሞው ጉዳይ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። የኦሞ ተከራካሪዎች ገንዘብ የሚመድብ ኮሚቴ ያዙ፤ ያገኙት ትንሽ ቢሆንም ሕግ ነበር። የሙስሊሙ አቤቱታ ብዙ ሕዝብና ብዙ እውነት ይዞ መግለጫ ወደሚያወጣ ኮሚሽን ደረሰ። አንዱ በቃላት፣ ሌላው በገንዘብ ቋንቋ ተመለሰለት።

የኮንግረስም ሕግ ቢሆን ፕሬዝዳንቱ ገንዘቡን ላለመልቀቅ ከወሰኑ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በ2025 ከባድ ሆኗል። ትራምፕ በጃንዋሪ 20 የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገዱ፤ ዩኤስኤአይዲ ሐምሌ 1 ቀን 2025 እንደ መሥሪያ ቤት ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከትልልቆቹ የእርዳታ ተቀባዮች አንዷ ነበረች። እንደ ደቡብ ኦሞ ላሉ ድርቅና ጎርፍ ለሚፈራረቁባቸው አካባቢዎች ይህ ከማንኛውም ንዑስ አንቀጽ በላይ የሚሰማ ውሳኔ ነው። ኮንግረስ የመደበውን ፕሬዝዳንት ማስቀረት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ማወቅ የሚገባ

ዜግነት ያገኘ ሰው ዕድሜው 18 ከሞላ በሁሉም ምርጫ መምረጥ ይችላል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ግን አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፣ ቀነ ገደቡም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ግሪን ካርድ ያለው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። ሳያውቅ ተመዝግቦ ድምፅ የሰጠ ሰው ከዜግነት ማመልከቻው አልፎ ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ችግር ሊገጥመው ስለሚችል፣ የመንጃ ፈቃድ ሲወጣ የሚቀርበውን የምርጫ ምዝገባ ጥያቄ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ግሪን ካርድ ያለው ለእጩ ገንዘብ ማዋጣት፣ ለተወካዩ መጻፍ፣ መሰለፍ ይችላል። ተወካዩ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚያነበው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያየው አድራሻውን ነው፤ ከምርጫ ክልሉ ካልሆነ ብዙም አይቆይበትም። ስለዚህ ከሲያትል ለሜሪላንድ ተወካይ መጻፍ ድካም ነው።

መስጂዶችና ጀማዓዎች ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት ከሆኑ ስለ ጉዳዮች መናገር፣ ሰው እንዲመዘገብ ማበረታታት ይችላሉ። እጩን በስም መደገፍን ግን በ1954 የወጣ ድንጋጌ ይከለክላል፤ ድንጋጌው በቅርቡ በፍርድ ቤት ስለሚከራከሩበት ሚንበር ላይ ከመውጣት በፊት የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ይበጃል። በአሜሪካ ሆኖ ለውጭ መንግሥት ወይም ለውጭ የፖለቲካ ፓርቲ ወክሎ የሚወተውት ሰው ደግሞ በ1938 በወጣው ሕግ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ ግዴታው ነው። ምዝገባው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ማንኛውም ሰው የትኛው ድርጅት ለየትኛው መንግሥት፣ በስንት ብር እንደሚሠራ ከፍቶ ማየት ይችላል።